አቀናባሪ ስንት ዓይነት ሙዚቃ ይወቅ?

ፉሪ ውስጥ የሙዚቃ ስቱዲዮ ለመጀመር ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። አንድ የኪራይ ክፍል፣ ኮምፒውተር፣ ኪቦርድ፣ ማይክራፎንና ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ካለ ሥራው ይጀመራል። ከባዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሩን የሚያንኳኳው ሰው ምን ዓይነት ሙዚቃ ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅማ! ዛሬ የኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን፣ ነገ የወንጌል መዝሙር፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ራፕ የሚሞክር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ወጣቱ አቀናባሪ «እኔ ሂፕ ሆፕ ብቻ ነው የምሠራው» ቢል ምን ይገጥመዋል?

መጀመሪያ የሚገጥመው የቤት ኪራይ ነው። በአገራችን የሙዚቃ ገበያ ከአጽዋማትና ከበዓላት ጋር ይሄዳል። ጥር የሠርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉም ጭፈራውም ለሁለት ወር ያህል ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት እንደገና ይሟሟቃል። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ የአዲስ ዓመት ዘፈን የሚፈልግ ይመጣል። በአንድ ስልት ብቻ የሚተዳደር ባለሙያ ከዓመቱ ውስጥ የተወሰኑ ወራትን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መዝሙርም፣ ባህላዊም፣ ዘመናዊም መሥራት የሚችለው ግን የጾሙንም የፍስኩንም ወራት በሥራ ያሳልፋል።

ይህ ሲባል ግን «ሁሉን እሠራለሁ» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። ለምሳሌ መዝሙር ሁሉ አንድ አይደለም። የፕሮቴስታንት መዝሙር ኪቦርድ፣ ጊታርና ድራም ይቀበላል። የኦርቶዶክስ መዝሙር ግን ከበሮ፣ በገና፣ ማሲንቆና ዋሽንትን የመሳሰሉ መሣሪያዎችን ይፈልጋል። ይህን ሳይለይ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚያጅብ ሰው ደንበኛውን ያስቀይማል። ለሌላ የሙዚቃ ስልት ክፍት መሆን ማለት በር መክፈት ብቻ ሳይሆን የገባውን እንግዳ ወግ ማወቅም ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በመስከረም 2012 ዓ.ም. ያጣነው ኤልያስ መልካ ነው። ኤልያስ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ቼሎ ነበር። ሆኖም የቴዲ አፍሮን የመጀመሪያ አልበም «አቡጊዳ»ን (2001 እ.ኤ.አ.) ያቀናበረው እሱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የዘሪቱ ከበደ አልበም መጣ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢዮብ መኮንን «እንደ ቃል» እና የሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው» ተከተሉ። እነዚህን አልበሞች በተከታታይ ያዳምጧቸው። የኢዮብ ወደ ሬጌ ያዘነብላል፤ የሚካያ ለስለስ ብሎ የሶል ጣዕም አለው። ከጀርባቸው ያለው አቀናባሪ አንድ ሰው ቢሆንም አንዱ ዘፋኝ የሌላውን ልብስ ተውሶ የለበሰ አይመስልም። አቀናባሪው ራሱን ከማሳየት ይልቅ የዘፋኙን ድምፅ አስቀድሟል። የብዙ ስልት እውቀት ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚስማማውን መምረጥ ያስችላል።

ከእሱ በፊትም መንገዱ ተጠርጓል። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሙዚቃ ግን ወደ ለንደን፣ ከዚያም ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ወሰደው። በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን አልበሞች ሲያስቀርጽ የላቲን ከበሮ፣ የጃዝ ስልትና የአገሩን ቅኝት አንድ ላይ አዋሃደ። የላቲኑን ምት ከባለቤቶቹ ጋር ተጫውቶ ተማረው፤ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ግን አልጣለም። ኢትዮ ጃዝ የዚህ ውጤት ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ሁሉንም በስሱ የነካካ አቀናባሪ ሥራው ሁሉ አንድ ዓይነት ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሥር ያስፈልጋል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጆሮው የማይለይ ወጣት ሌላው ሁሉ ይቆየው። ኪቦርዱ በፈረንጅ መቃኛ የተሠራ ስለሆነ የክራርና የማሲንቆ ድምፅ ሁልጊዜ አይገጥመውም፤ ይህን ልዩነት የሚሰማ ጆሮ ካለ ቀሪው በልምምድ ይመጣል።

ልምምዱስ እንዴት ይሁን? በወር አንድ ስልት ይበቃል። ከዚያ ስልት አንድ ጥሩ ዘፈን መርጦ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ፣ ዜማውን ለብቻ ደጋግሞ ማዳመጥ፤ ከዚያም ራስ ሠርቶ ማስተያየት ነው። ሬጌ ውስጥ ጊታሩ ከዋናዎቹ ምቶች መሀል ባለው ክፍተት ላይ እንደሚገባ፣ በእኛ ቺክቺካ ግን ስድስት ምት እየተንከባለለ እንደሚሄድ እጁ እስኪለምደው መድከም አለበት። ኮምፒውተር ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣ ቢት ይህን አያስተምርም። ፉሪና አካባቢዋ ላለ ወጣት ደግሞ ትልቁ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። ሠርግ ቤት ሄዶ የሸዋ ኦሮሞን ረገዳ ከጨፋሪዎቹ እግርና እጅ ማጥናት ይችላል፤ ክፍያውም ማጨብጨብ ብቻ ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ አድርጎ ኮምፒውተር ላይ ሲውል «ምን ትሠራለህ?» ከማለት «ዛሬ ምን አዲስ ሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከወር እስከ ወር ያው ከሆነ፣ የጎደለው ውድ ማይክራፎን እንዳይመስላችሁ። እናንተ በልጅነታችሁ የምትወዱትን ዘፈን ጋብዙት፤ አያቱ የሚያንጎራጉሩትንም በስልኩ ይቅረጽ። የሚሰማው በሰፋ ቁጥር ለሥራው የሚመርጠው ይበዛል፤ የሚሠራለት ዘፋኝም ራሱን መስሎ ይወጣል።