ዛላው ቆሞ ፍሬ ሲጠፋ

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ፣ ባምቢስ ሰፈር ማታ ማታ አምፖል ይበራል። መብራቱ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው በመዳብ ሽቦ ነው። ይኸው መዳብ በስንዴ ቅጠል ውስጥም አለ ብንል ታምኑናላችሁ? አለ። ሥራውም ይመሳሰላል። ቅጠሉ ከፀሐይ የሚያገኘውን ኃይል ተቀብሎ ያሻግራል።

መጠኑ ግን ትንሽ ነው። በአንድ ኩንታል ደረቅ ተክል ውስጥ ያለው መዳብ ከግማሽ ግራም እስከ 2 ግራም ቢሆን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ከዚህ ይበልጣል።

ተክሉ መዳብን ከአፈር ያገኛል። መዳቡ በአፈሩ እርጥበት ሟሙቶ ሥሩ ዘንድ ይደርሳል። ሥሩ እንደ በር ያለ መግቢያ አለው። መዳብ ሲያጥር በሩን ያበዛል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። የተረፈውንም እዚያው ሥሩ ውስጥ ያስቀረዋል። ለምን? ልቅ መዳብ መርዝ ነው፤ ሥር ይጎዳል። ስለዚህ መዳብ ብቻውን አይሄድም። ተሸካሚዎች ይዘውት ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። መዳብ አንዴ አሮጌ ቅጠል ከገባ በቀላሉ ወደ አዲሱ አይዛወርም። ስለዚህ እጥረቱ የሚታየው ከላይ፣ በአዲሱ ቅጠል ነው። ጫፉ ይነጣል፣ ይጠመዘዛል። የናይትሮጅን እጥረት ግን ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይጀምራል። የነጣውን ጫፍ ያየ ሰው ውርጭ መታው ይላል። እኛም ብናይ እንደዚያው እንል ነበር። ኋላ ዛላው ይቆማል፤ ሲያሹት ገለባ ብቻ! መዳብ ያጣ አበባ ዱቄቱ ይመክናል፣ ፍሬ አይቋጥርም። የዓመት ልፋት ሄደ ማለት ነው። ባምቢስ የሚበላውም ዳቦ እኮ ከዚሁ ስንዴ ነው።

በአገራችን ለብዙ ዓመት ማዳበሪያ ማለት ዳፕና ዩሪያ ነበር። ሁለቱም መዳብን ለመስጠት የተሠሩ አይደሉም። በ2004 ዓ.ም. ኢትዮሲስ የሚባል ሥራ ተጀምሮ አፈር በየወረዳው ተመረመረ። ድኝ፣ ዚንክ፣ ቦሮን፣ ፖታሲየም የሚጎድለው መሬት ተገኘ። መዳብ የሚጎድለውም ተገኘ።

አዲሱ ቅጠል ጫፉ ነጥቶ ካያችሁት ነቅላችሁ፣ ከማሳው አፈር ጋር ለግብርና ሠራተኛው አሳዩ። በግምት መዳብ አትጨምሩ። አንዴ አፈር ከገባ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ መልሶ ለቅሞ ማውጣት የለም።