ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ የሚሞክር እጩ መምህር እዚህም እዚያም ይታያል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን የተማሪ ውጤት ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚተላለፍበት መንገድ በበኩሌ አያስደስተኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ፕሮግራም ከመምህሩ ውጤት ይቀበላል፤ ሁለተኛው ደምሮ አማካይ ያወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል። ሁለቱ ለየብቻ ስለሚሠሩ አንዱ የሌላውን ጓዳ ገብቶ አያይም። የሚያገናኛቸው ቱቦ ነው፤ ቱቦው ደግሞ የሚያሳልፈው ባይት ብቻ ነው። የቱ ስም፣ የቱ ሒሳብ፣ የቱ እንግሊዝኛ እንደሆነ አያውቅም። ከአንኮበር በአውቶቡስ ስንቅ የሚላክልን ይህን እናውቀዋለን፤ ረዳቱ ጆንያውን ያደርሳል እንጂ ቆሎው የማን፣ ሽሮው የማን እንደሆነ የሚናገረው በላዩ የታሰረው ወረቀት ነው።

ብዙዎች የሚያደርጉት ስምና ውጤትን በአንድ መስመር፣ በክፍት ቦታ እየለዩ መላክ ነው። ተቀባዩ ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ይቆርጣል። እስቲ ገብረ መድኅን የሚባል ልጅ ይምጣ! ገብረ የራሱ ስም፣ መድኅን የአባቱ ስም ይሆንና እውነተኛው የአባት ስም በሒሳብ ውጤት ቦታ ይቀመጣል። ይኼስ ደግ ነው፤ ማሽኑ ፊደል መደመር አቅቶት ይጮሃል፣ ስሕተቱም ይታወቃል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። በፈተናው ቀን አልዩ አምባ ገበያ ወርዳ ሒሳብ ያመለጣት ልጅ አለች እንበል። መምህሩ ቦታውን ባዶ ይተወዋል። ፓይተን እንዲህ ሲቆርጥ የተከታተሉ ክፍት ቦታዎችን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ባዶው ይጠፋል፤ የእንግሊዝኛው 81 ተንሸራቶ ሒሳብ ላይ ቁጭ ይላል። ባዶ አይሁን ብሎ 0 የሚሞላም አለ። ይኼ ደግሞ በልጅቷ ላይ የሚፈጸም ሌላ በደል ነው፤ ያልተፈተነና ተፈትኖ ዜሮ ያገኘ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ መረጃው ከነስያሜው ይላክ እላለሁ። ጄሰን የሚባለው አጻጻፍ ለዚህ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ውጤት ከፊቱ ስያሜ አለው፤ ያልተሞላው «ነል» ተብሎ ይጻፋል፣ ከዜሮ ጋር አይምታታም። ለሠላሳ ተማሪ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የሚሉ አሉ። ጄሰን ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር የለም፤ ጣጣ የተባለውም ላኪው ጋ ሁለት መስመር፣ ተቀባዩ ጋ ሁለት መስመር ነው። በነጠላ ሰረዝ መለየትም ከክፍት ቦታ ይሻላል፣ ባዶውን ይጠብቃልና። ሆኖም አንዱ ዓምድ ቦታ ከቀየረ ሁሉም ተዛባ።

ፊደላችንስ? ፓይተን ካልከለከሉት በቀር ጄሰን ሲጽፍ አማርኛውን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ይህን ያየ ሰው ፊደሌ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። አልጠፋም፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ሆሄ የታወቀ ቁጥር ስላለው ተቀባዩ ሲፈታው ሀ ያው ሀ ሆኖ ይመለሳል። ፒክል የሚባል ሌላ መንገድም አለ። እሱን ግን የፓይተን መመሪያ ራሱ ከማታምኑት ሰው ከመጣ አትክፈቱት ይላል፤ ሲፈታ የተደበቀ ትእዛዝ ሊፈጽም ይችላልና። በፍላሽ ከእጅ እጅ ለሚዞር ውጤት እኔ አልመርጠውም።

ጄሰንም የማያድነን አንድ ነገር አለ። አንዱ «ሒሳብ» ብሎ ሲልክ ሌላው «ሂሳብ» ብሎ ይፈልጋል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ትምህርት ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የምንጽፍ ሁሉ የትምህርቶቹን ስም አጻጻፍ አስቀድመን እንስማማ። እኔ በሐመሩ ሐ ይጻፍ ባይ ነኝ። ሌላ ሐሳብ ያለው እዚሁ ከጎኑ ይለጥፍ።