«ሽርክና» በማን ስም?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን እናቴን ለመጠየቅ ወደ መሐል ሜዳ ወጥቼ ነበር። የመንዝን ደጋ ያየ ሰው ብርዱን ያውቀዋልና ቡና በዚያ አገር ስለምን እንደማይበቅል ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የእኛ ሰው ያለው ገብስ፣ በግና ሱፍ ነው፤ ቡናውን ከገበያ በስኒ እያሰፈረ ይገዛል። (የቀደሙት አባቶቻችን እንዲያውም «የእስላም መጠጥ ነው» እያሉ ይሸሹት ነበር። ልማዱ በክርስቲያኑ ደጋ የተስፋፋው ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው። ዛሬ ግን እንግዳ ሦስተኛውን ሳይጠጣ ልነሣ ቢል ጠብ ይሆናል።)

እናቴ ቡናውን እየቆላች ሳለ የእህቴ ልጅ በስልኳ አንድ ማስታወቂያ አሳየቻት። አንዲት አሜሪካዊት ወጣት በበረዶ የተሞላ ብርጭቆ ይዛ ትስቃለች።

«እማማ፣ ይችን ልጅ ያውቋታል? መጠጡ በእሷ ስም ነው የሚጠራው።»

«ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት?»

«አይደለችም፤ ስሟን ብቻ ነው የሰጠችው።»

«እንግዲያ ስም ይጠጣል በይኛ!»

ሁላችንም ሳቅን። ወደ ሥራዬ ስመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። አዎን፣ ስም ይጠጣል። ስም ይሸጣል፣ ይከራያል፣ በውል ይታሰራል። የታላላቆቹ የአሜሪካ ቡና ቤቶች ንግድ ከባቄላው ይልቅ ወደ ስሙ ካዘነበለ ቆይቷል። ስታርባክስ በ2014 (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከኦፕራ ዊንፍሬ ጋር ተዋውሎ በስሟ የተጠራ የሻይ መጠጥ ለገበያ አቀረበ። በ2019 ደግሞ «ክላውድ ማኪያቶ» ያለውን አዲስ መጠጥ ሲያወጣ ዘፋኟን አሪያና ግራንዴን ከፊት አሰለፈ። ተፎካካሪው ደንኪን በ2020 በማኅበራዊ መገናኛ በዳንስ የታወቀችውን የ16 ዓመት ልጅ ቻርሊ ዳሚሊዮን መረጠና መጠጡን «ዘ ቻርሊ» ብሎ ሰየመው። ለፍትሕ ያህል ልናገር፤ ከኦፕራ ሻይ ሽያጭ የተወሰነው ለወጣቶች ትምህርት ድጋፍ ይውል ነበር፤ ስለዚህ በሴትዮዋ ላይ ቅሬታ የለኝም። በሌሎቹም ላይ የለኝም። የራሱን ስም በዋጋ የሚሸጥ ሰው የሠራው ነውር የለም።

የእኔ ነገር ሌላ ነው። ከዚሁ ከስታርባክስ ጋር ወደ 2005 እንመለስ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተ። ለካስ ኩባንያው ቀድሞ፣ በ2004፣ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ስም የራሱ ለማድረግ ማመልከቻ አስገብቶ ኖሯል። አንባቢዬ ቃሉን ልብ ይበልልኝ፤ «ሽርክና» ነው ያለው፣ በገዛ ቋንቋችን! ሁለተኛው ሸሪክ ሳይጠየቅ፣ ሳይሰማ፣ በሲያትል የተጸነሰ ሽርክና። ይህ ቡና በዚያን ጊዜ አንዱ ፓውንድ እስከ 26 ዶላር ይሸጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። ይርጋጨፌ ሲያልፍ ሐረርና ሲዳሞ በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ተደረጉ። ምክንያቱም ስሞቹ የቡናን ዓይነት የሚገልጹ የወል ቃላት ናቸው የሚል ነበር። ኩባንያው በበኩሉ ከንግድ ምልክት ይልቅ የትውልድ ቦታ ማረጋገጫ ይሻላችኋል ብሎ መከረን። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቁርጥራጭ ማሳዎች የሚለቀም ቡና፣ አብዛኛው በእግርና በአህያ የሚጓጓዝ ቡና፣ እያንዳንዱ ኬሻ ከየት እንደመጣ ማረጋገጫ ይያዝለት ማለት ነው!

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የአንዲት የ16 ዓመት ዳንሰኛ ስም ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃዷ የነካው በፍርድ ቤት ይጠየቃል። ግንቧ ከኢማም አሕመድ ተከታይ ከአሚር ኑር ዘመን ጀምሮ የቆመላት የሐረር ስም ግን «ገላጭ ቃል» ነው፤ ያሻው ያንሣው። የሕግ ባልደረቦቼ የሰው ስምና የቦታ ስም በሕግ ዓይን አንድ እንዳልሆኑ ደጋግመው ያስረዱኛል። ገብቶኛል። ያልገባኝ ግን ልዩነቱ ሁልጊዜ ለአንድ ወገን ብቻ የሚያደላበት ምክንያት ነው።

ኦክስፋም በ2006 ዘመቻ ከፈተ፤ ደብዳቤውና ጩኸቱ በዛ፤ በ2007፣ ልክ በሚሌኒየማችን ዋዜማ፣ ስታርባክስ ከመንግሥታችን ጋር ተፈራረመ። ሲዳሞና ሐረርም በኋላ ተመዘገቡ። እልል ተባለ። እኔም እልል ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ አልክድም። ነገር ግን በዚያ እልልታ መካከል ጥቂት ሰው ብቻ ያነበበው አንድ ነጥብ ነበር፤ ፈቃዱ የተሰጠው ያለ ክፍያ ነው። ኩባንያው ስሞቹ የእኛ መሆናቸውን አመነ፤ እኛም በነፃ እንዲጠቀምባቸው ፈቀድን። «መጀመሪያ ስሙ ይታወቅ፣ ዋጋው ይከተላል» ተባለ። ስልቱ በራሱ ሞኝነት አልነበረም፤ ለጀማሪ ይበጅ ይሆናል። ነገር ግን ያው ኩባንያ ሰባት ዓመት ሳይሞላው የኦፕራን ስም በውል ሲያስር፣ ከእኛ ሹማምንት መካከል «ስም እንዲህ ዋጋ ካለው የእኛስ?» ብሎ በአደባባይ የጠየቀ አልሰማሁም።

ይባስ ብሎ ስሙን በውጭ አስከበርን ባልን ማግሥት በአገር ቤት ራሳችን ደበላለቅነው። በ2008 የተቋቋመው የምርት ገበያ ቡናውን በአካባቢና በደረጃ እየጠቀለለ ሲያገበያይ፣ ከዩኒየኖች ቀጥታ ሽያጭ በቀር፣ የአንዱ ቀበሌ ቡና ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ የአምራቹ ማንነት ከኬሻው ላይ ጠፋ። ይህ አሠራር እስኪላላ ድረስ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ።

በሌላ መጠጥም ያየነው ይኸው ነው። መንግሥት በ2011 የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ለሃይኒከን ሲሸጥ የሁለቱ ከተሞች ስምም ከጋኑና ከጠርሙሱ ጋር አብሮ ሄደ። ለሐረር ቡና ስም ዋሽንግተን ድረስ የተሟገተች አገር የሐረርን ስም በቢራ ጠርሙስ ላይ ለጥፋ ሸጠች! ከዚያም በበደሌ ቢራ ስም የቴዲ አፍሮን የሙዚቃ ጉዞ ስፖንሰር ለማድረግ ውል ተገባ፤ ተቃውሞ ሲነሣና ቢራው እንዳይጠጣ ዘመቻ ሲጀመር ኩባንያው በጥር 2014 መጀመሪያ ውሉን ትቶ ወጣ። ስለ ጠቡ ይዘት ዛሬ አልከራከርም፤ ብዙ ተብሎበታል። እኔን የገረመኝ የበደሌ ሰው ነው። በከተማው ስም የተጠራ ቢራ በዘፋኝ ስም ሲሸጥም ሲወገዝም እሱን ያማከረው የለም።

መንዜው ቡና በማይበቅልበት አገር ተቀምጦ ይህን ሁሉ ምን ያስለፈልፈዋል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ቡና የለንም፤ ስም ግን አለን። ባናና በርኖስ በመንዝ ስም ይጠራል፤ በጉም በምርምር ጽሑፍ ሳይቀር «የመንዝ በግ» ነው የሚባለው። ነገ አንድ ዝነኛ ዘፋኝ በርኖስ ደርቦ በአንድ ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ ብቅ ቢልና «መንዝ» የሚለው ቃል የዚያ ኩባንያ ምልክት ቢሆን፣ ሱፉን የምትፈትለው ሴት ምን ይዛ ትከራከራለች? ደግሞ መንገድ የለም እንዳንል አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 የማኅበር አባላት በጋራ የሚጠቀሙበትን የወል ምልክት ያውቃል። የጠፋው ሥራውን የሚይዝ ነው። ስለ መንዝ መመረቂያ ጽሑፍ ጽፈን ማዕረግ የተቀበልን ሰዎች (ቀዳሚው እኔ ነኝ) ለባለ ሱፉ አንዲት የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንኳን አላረቀቅንለትም።

ስለዚህ የሕግ ባልደረባዬን ለምኜ የደንቡን ረቂቅ አስጀምሬአለሁ። በዚያው በፋሲካ ሰሞን ጉዳዩን ለጥቂት ሸማኔዎችና ፈታዮች ነግሬአቸው ነበር። በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አስተካክለው፦ «መልካም አስበሃል ልጄ፤ ግን ምልክቱ በጌራ ነው የሚጠራው በማማ?» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት የላሎ ሰው ደግሞ ላሎ ለምን ተረሳ ብለው ተነሡ። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ክርክሩ አላለቀም።