ሰውነት ማጎልመሻን የሚያስተምረው መምህር ምን ተምሮ ይመጣል?

የኬንያዋ ኢቴንና የኢትዮጵያዋ በቆጂ በሯጮቻቸው ዓለም ያወቃቸው ከተሞች ናቸው። ከሯጮቹ ጀርባ ያሉት መምህራን ግን የመጡበት መንገድ ይለያያል። ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ሥንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። የዴቪድ ሩዲሻ አሠልጣኝ አየርላንዳዊው ኮልም ኦኮነል በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1976 ኢቴን የገቡት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነው፤ በአትሌቲክስ አሠልጣኝነት አልተማሩም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች መገኘታቸው ለከተሞቹ ዕድል ነው። የትምህርት ሥርዓት ግን በዕድል ሊመራ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 በመቶው በቀን የሚመከረውን የ60 ደቂቃ እንቅስቃሴ አያደርጉም። አብዛኞቹ ሯጭ አይሆኑም፤ በዝቅተኛ ክፍሎች የሚያገኙት መምህርም ብዙ ጊዜ ሒሳቡንም ቋንቋውንም የሚያስተምረው ያው አንድ ሰው ነው።

አሠራሩ የአፍሪካ ብቻ አይደለም። በፊንላንድም ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በአብዛኛው የክፍል መምህሩ ስፖርትንም ያስተምራል። ልዩነቱ ይህ መምህር ማስተርስ ዲግሪ ያለው፣ የስፖርት አስተማማርንም በሥልጠናው የተማረ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ውስጥ ግን ለአንደኛ ደረጃ ዕጩ መምህራን የሚደርሰው የስፖርት ትምህርት በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ሀብታም መሆን ብቻውን ችግሩን አልፈታም።

በኢትዮጵያ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ተግባራዊ ሲሆን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም እንዲያስተምር ተደረገ፤ ሰውነት ማጎልመሻም ከሙዚቃና ከሥዕል ጋር ተጣመረ። የኬንያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም በታችኛዎቹ ክፍሎች ተመሳሳይ ጥምረት ፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሁለት ዓመት ሰርተፊኬት በሦስት ዓመት ዲፕሎማ መተካት ጀመረች። የተጨመረው ጊዜ ጠቃሚ ቢሆንም ወሳኙ በውስጡ የሚሠራው ነገር ነው። ሦስት ትምህርቶች በአንድ ስም ሲጠሩ ቀድሞ የሚገፋው ሜዳና የልብስ ቅያሪ የሚጠይቀው ነውና።

ቅርጫት ኳስና ጂምናስቲክ ብቻ ተምሮ የወጣ ሠልጣኝ፣ አንድ ኳስ እንኳ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ሰባ ሕፃናት ፊት ሲቆም የተማረው ብዙም አይጠቅመውም። ገመድ ዝላይ፣ ትግልና የገና ጨዋታ ግን ከአካባቢው አይጠፉም። እነዚህን ወደ ትምህርት የመለወጥ ብልኃት የሚለመደው በኮሌጅ ነው። በሶማሌ ክልልም ሆነ በዛንዚባር፣ ረጅም ልብስ የለበሰችን ተማሪ ከሜዳ ዳር ሳያስቀምጡ የማሳተፉ ዘዴም እንዲሁ።