ከጥቁር ሰሌዳ እስከ ምክር ቤት ወንበር

ባለፈው ሰሞን ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ከበን ተቀምጠን ሳለ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሣ። ከድባጤ የመጣ ጓደኛችን ድንገት «እኔ መምህር ሆኜ ጥቂት ካገለገልኩ በኋላ ለክልሉ ምክር ቤት እወዳደራለሁ» አለ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። አንዱ «መጀመሪያ የትምህርት ዕቅድህን በሰዓቱ አስረክብ!» አለው። ሌላው ግን ኮስተር ብሎ «መምህር ፖለቲካ ውስጥ ከገባ ጠመኔውን ይጣል፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም» ሲል አብዛኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በዚያ ሰዓት ዝም አልኩ። መልስ አጥቼ ሳይሆን ሐሳቤን ሳልሰበስብ መናገር ስላልፈለግሁ ነው። እነሆ አሁን በግድግዳው ላይ ጻፍኩት፤ የሚቃወም ካለ ቀጥሎ ባለው ቦታ ይለጥፍ።

ጠመኔና የምክር ቤት ወንበር አብረው አይሄዱም የሚሉ ጓደኞቼ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የረሱ ይመስለኛል። ወይዘሮ ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1908 ዓ.ም. ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ተማሩ። ተመልሰው ማስተማር እንደ ጀመሩ ብዙም ሳይቆይ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ። እሳቸውም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ በኋላም ተይዘው አዚናራ በምትባለው የኢጣሊያ ደሴት ታሠሩ። ከነጻነት በኋላ ምን ሠሩ? ወደ ክፍል ተመለሱ! ደሴ ትምህርት ቤት አስተዳደሩ፤ ከዚያም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር ሆኑ። ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱት ቴአትር እንኳ ይጽፉ ነበር።

እንግዲህ ምርጫው የመጣው በዚህ መሐል ነው። በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን በቀጥታ አይመርጥም ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠና በ1950 ዓ.ም. መግቢያ፣ መስከረም ላይ፣ ሕዝቡ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት 210 እንደራሴዎችን መረጠ። ከነዚህ አንዷ በአዲስ አበባ የተወዳደሩት ወይዘሮ ስንዱ ነበሩ፤ በፓርላማችን ታሪክ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሴት ማለት ነው። ቆይተውም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ፓርቲ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ልብ በሉ። ተወዳዳሪው በስሙና በሥራው ብቻ ነው የሚቀርበው። ደግሞም በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ሕገ መንግሥቱ እንደዚያ ይላል። እኛ በዚያን ጊዜ ብንሆን ኖሮ አንድ ፍራሽና አራት ደብተር ንብረት ከተባለ ምናልባት እናልፍ ይሆናል!

«ያ ፓርላማ እኮ የንጉሡ ነበር፤ ምን ሥልጣን ነበረው?» የሚል እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ምክር ቤት ከገቡ በኋላ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም ትታዘዘዋለች ብሎ ደንግጓል። አንዲት ሴት ምክር ቤት ስለገባች አገር በአንድ ቀን አልተለወጠም። እኔ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሴት እንደራሴ አትሆንም» ማለት ከባድ ሆነ፤ ሆና ታይታለችና። በክፍላችን ያሉ ሴት ዕጩ መምህራን ይህን ታሪክ ምን ያህሉ ያውቁታል? ወንዶቹስ? ወይዘሮ ስንዱ ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ እኛ በሕፃንነታችን ማለት ነው፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

የቅርቡን ምሳሌ ከፈለጋችሁ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አሉ። የታሪክ ምሁር ናቸው። ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከፓርቲያቸው ተለይተው ከወጡ በኋላ በ1997 ምርጫ ተወልደው ባደጉበት በደምቢ ዶሎ የግል ተወዳዳሪ ሆነው ቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፖለቲካ ይራቅ በሚለው ሕግ ምክንያት ጥቅማ ጥቅማቸው ተቋረጠ። በ2011 እስኪያርፉም ድረስ በሰፊው የሚነገረው ስለ ቤተ መንግሥታቸው ሳይሆን ስለ ኑሯቸው ቀላልነት ነበር። ከቤተ መንግሥት ወርዶ በትውልድ ከተማው ሰው ፊት ቆሞ «ምረጡኝ» ማለት ቀላል ነገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቡለን ልመለስ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገሪቱ ስትመርጥ በእኛ በመተከል ዞንና በካማሺ ድምፅ አልተሰጠም። ለምን እንደሆነ ለዚህ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 14 ቀን በወረዳችን በበኩጂ ቀበሌ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። የምርጫ ካርድ ቀርቶ ነፍስን ማቆየት ነበር የዚያ ዘመን ጭንቀት። ከዚያ ሦስት ዓመት አለፈና ሰኔ 13 ቀን 2016 ምርጫው ተካሄደ። እኔ 18 ዓመት የሞላኝ በዚያው ዓመት ነው። ከእናቴ ጋር ገና ሳይነጋ ተሰለፍን። ከፊታችን ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አገው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በአንድ ሰልፍ ቆሟል። እናቴ ጣቷ ላይ የተቀባውን ቀለም እያየች «ይኸው ተቆጠርን» አለችኝ። ይህቺን ቃል አልረሳትም።

የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከመረጥን በኋላ የወኪላችንን ሥራ የሚከታተል ማነው? እኔ የማውቀው አንድ ተመራጭ (ስሙንም ቦታውንም አልጠራም) በቅስቀሳው ጊዜ ሰፈራችን ሦስት ጊዜ መጥቶ ቡና ጠጥቷል፤ ከተመረጠ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ሲመጣ አላየነውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል መራጩ ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት በሕግ መሠረት ከቦታው ይነሣል ይላል። ይህን አንቀጽ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ሸምድደን ፈተና ላይ ጽፈናል፤ ማርካችንንም አግኝተናል። አለቀ። መምህራኖቻችን አይቀየሙኝና፣ አንቀጹን ያስተማሩን አንዱን ተመራጭ ጠርተው «ና ክፍል ገብተህ ተጠየቅ» ቢሉልን ኖሮ ከሽምደዳው የበለጠ በገባን ነበር።

መምህር ለመወዳደር ይገባዋል የምለውም ለዚህ ነው። የዳጉሳ አጨዳ ሲደርስ ስንት ልጅ ከክፍል እንደሚቀር፣ ስንቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንደሚማር፣ የቱ ልጅ ቋንቋው ሳይገባው ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ መምህሩ በየቀኑ ያያል። በጀት ሲከራከሩ ይህን የሚናገር ሰው ይኑር። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ቅስቀሳ የሚያደርግ መምህር አልደግፍም፤ ተማሪ ማርክ የሚሰጠውን ሰው ደፍሮ አይቃወምማ።

አንድ ነገር ግን ያን ሌሊት አልተነሣም፤ እኔን የከበደኝ እሱ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ምክር ቤት ሲገቡ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተሩን አጣ። አሶሳ ሄዶ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ጎበዝ መምህር እዚህ አንድ ክፍል ባዶ ያደርጋል። ገጠር ያሉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከወዲሁ መምህር የላቸውም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አንድ ዘመን፣ አምስት ዓመት፣ ካገለገለ በኋላ ወደ ሰሌዳው ይመለስ የሚል ነው። ይመለሳል ወይ? ወንበር እንደሚጥም ሰምቻለሁ።

ለድባጤው ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ሳይለጠፍ አስነበብኩት። «አምስት ዓመት ያንሳል» አለኝ። የትምህርት ዕቅዱን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አላስረከበም።