የጥንት ዓሣ ጥርስ ስለ መሰብሰብ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለታሪክና ለሕግ ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ከመሬት ለሚለቀም ድንጋይም የሚሠራ መሆኑን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምናገረውም ከብዙ ዘመን ብዛት ወደ ድንጋይ ስለ ተለወጠው ስለ ባለ ሳንባ ዓሣ ጥርስ ነው።

ባለ ሳንባ ዓሣ በውሃ ውስጥ እየኖረ አየር የሚተነፍስ ዓሣ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ዝርያዎች 6 ብቻ ናቸው፤ 4ቱ በአፍሪካ፥ 1ዱ በደቡብ አሜሪካ፥ 1ዱ በአውስትራልያ ይገኛሉ። ከአፍሪካዎቹም አንዱ፥ በነጭ አባይ የሚኖረው፥ በሳይንስ ስሙ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ቅጽል አለው። የዚህ ወገን ዓሣ አጽም አብዛኛው ለስላሳ ስለ ሆነ ሲሞት ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ሸንተረር ያለው፥ ሰፊና እጅግ ጠንካራ ሰሌዳ ነው። እንደ ልጅ ጥርስ ወልቆ በሌላ አይተካም፤ ከባለቤቱ ጋራ አብሮ ያድጋል። እንግዲህ ትልቅ ጥርስ ያገኘ ሰው ትልቅ ዓሣ እንደ ነበረ ያውቃል ማለት ነው።

የስዊሱ ሊቅ ሉዊ አጋሲ በ1830ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ዓሣውን በሕይወት ያየው ሰው ሳይኖር፥ ከድንጋይ የወጣውን ጥርስ ብቻ መርምሮ «ሴራቶዱስ» የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ በ1870 ጄራርድ ክሬፍት በአውስትራልያ አንድ ዓሣ ቀርቦለት ጥርሱን ቢመለከት፥ ጠፍቷል ከተባለው ወገን መሆኑን አወቀ። ጥርስ ይህን ያህል ይናገራል።

ይሁን እንጂ ጥርስ የሚናገረው የት እንደ ተገኘ ሲታወቅ ነው። በአሜሪካ በነብራስካ አገር፥ ስፋቱ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የባለ ሳንባ ዓሣ ጥርስ ለብዙ ዘመን በሙዚየም መሳቢያ ተቀምጦ ነበር። ሺማዳና ከርክላንድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2011 ስለ እርሱ ጽፈው፥ ዓሣው 4 ሜትር ያህል ርዝመት እንደ ነበረው ገመቱ። ነገር ግን ጥርሱ ከየትኛው የድንጋይ ንጣፍ እንደ ወጣ በእርግጥ ሊናገሩ አልቻሉም። ያን የመሰለ ግዙፍ ፍጥረት በየትኛው ዘመን፥ ከእነማን ጋራ እንደ ኖረ የሚያስረዳው ነገር ከመሬቱ ጋራ ቀረ። አንዲት መስመር ጽሑፍ ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልጠፋም ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የወንዛዬን ፍል ውሃ አጠገብ አጠገቡን የሚያልፈው ጉማራ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣናም አባይ ወጥቶ ወደ ታላቁ ገደል ይወርዳል። በአባይና በገባሮቹ ሸለቆ፥ በሙገር ወንዝ ስም የሚጠራ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነ የጭቃ ድንጋይ ተጋልጦ ይታያል። ከዚያም ውስጥ ሊቃውንት የዳይኖሰርን፥ የአዞንና የባለ ሳንባ ዓሣን ጥርስ አግኝተዋል። የእኛ ደጋ ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ እሳተ ገሞራ እየደራረበ የሸፈነው ነው፤ ጉናም ራሱ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ዓሣ ጥርስ በደብረ ታቦር ሜዳ ይለቀማል ብዬ ማንንም አላታልልም። ሆኖም ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ፥ እንዲሁ በእሳተ ገሞራ ምድር፥ የ27 ሚሊዮን ዓመት የጥንት ዝሆኖች አጽም ተገኝቶ በ2003 በፈረንጆች አቆጣጠር ለዓለም ተገልጿል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ምንም የለም ብሎ መደምደምም አይገባም።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ እንጀራ ይሆናልን?» ይል ይሆናል። ለእርሱ የምመልሰው በጋፋት ነው። ከጋፋት የተገኘ የብረት ስባሪ የዐፄ ቴዎድሮስን የመድፍ ሥራ ያስታውሰናል፤ ያው ስባሪ ቦታው ሳይታወቅ በገበያ ላይ ቢገኝ ግን ከዝገት በቀር ምን ይባላል? ሌላውም «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው» ይላል። የጎንደር ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ብርሃነ አስፋው በአፋር ምድር በሰው ዘር ጥናት ያገኙትን ስም የሰማ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ሦስተኛውና ብርቱው ክርክር «እኛ ካላነሣነው ጎርፍ ይወስደዋል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጎርፍ ይወስዳል። ነገር ግን ቦታውን ሳይጽፍ በኪሱ ከቶ የሚሄድ ሰውስ ከጎርፍ በምን ይሻላል? መድኃኒቱ ፈጥኖ ማስታወቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ፥ ያለ ፈቃድም ማንም ቅርስ ፍለጋ እንዳይቆፍር ያዛል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ በወንዝ ዳር ጥርስ ወይም አጥንት የሚመስል ድንጋይ ብናይ አንንቀለው፤ አንስበረው፤ አንሽጠውም። አጠገቡ ማስመሪያ አድርገን በስልክ ፎቶግራፍ እናንሣው፤ ቀኑን፥ ቀበሌውን፥ የወንዙን ስምና ከየትኛው ንጣፍ ብቅ እንዳለ እንጻፍ፤ ከዚያም ለመምህራችንና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እናስታውቅ። ክቡራን መምህራኖቻችንም ለዚህ የሚሆን አንድ መዝገብ በትምህርት ቤቱ እንዲከፍቱልን እንለምናለን፤ ዋጋው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ወላጆቻችንም እርሻ ሲያርሱ፥ ጉድጓድ ሲቆፍሩና የቤት ድንጋይ ሲፈልጡ እንግዳ ነገር ቢያጋጥማቸው ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ ልጅ ይጻፈው።

ትልቅ ጥርስ በእጁ የያዘ ሁሉ ሊቅ አይደለም። ቦታውና ቀኑ የተጻፈለት የጥፍር ያህል ጥርስ፥ ምንም ካልተጻፈለት የመዳፍ ያህል ጥርስ ይበልጣል። እኛም ለሚመጡት ተማሪዎች ድንጋዩን ከነታሪኩ እናቆይላቸው።