ዳኛ ሳይገኝ ተናገሪ አይባልም

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፤ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚል የአባቶች ምሳሌ አለን። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሰው ጊዜውንና ቦታውን ዐውቆ እንዲናገር ለመምከር ነው። ነገር ግን አስተውለው ቢመለከቱት ምክሩ ተናጋሪውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ተበዳይ የሚናገረው ዳኛ ሲገኝ ከሆነ፣ ዳኛ በሌለበት ዝም ያለውን ሰው «ለምን ዝም አልክ?» ብለን ልንወቅሰው አንችልም። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ዳኛውን ያላቆመው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተማሪዎች ላይ ስለሚደርሰው ትንኮሳ፣ ማዋረድና ጥቃት፣ ይልቁንም ይህን በደል ስለ ማመልከት ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የሚገኘውን ኮዬ ፈጬን ያየ ሰው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹን ብዛት ሳያደንቅ አያልፍም። ትናንት እህል ይዘራበት በነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ ሌላ ከተማ ቆሟል። ከዚያ ሳይርቅ በቂሊንጦ በኩል በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ማለዳ በታክሲው ሰልፍ ላይ ደብተራቸውን አቅፈው ከሚቆሙት መካከል በየኮሌጁ የሚማሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል፤ አንዳንዱ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነው። ይህን ሰፈር የጠቀስነው በአካባቢው ያለ አንድ ትምህርት ቤት ይህን ጥፋት ፈጽሟል ለማለት አይደለም። የተማሪ ወላጅ በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ስለ ሆነ፣ ነገሩ የሁሉም ቤት ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት ነው።

እናት ልጇ ማታ ስትመለስ «በልተሻል ወይ? ፈተናሽ እንዴት ነበር? ለምን አመሸሽ?» ብላ ትጠይቃለች። እነዚህ ሁሉ መልካም ጥያቄዎች ናቸው። «በትምህርት ቤትሽ የሚያስቸግርሽ ሰው አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ስለማይጠየቅ መልሱም አይሰማም።

በደሉ ብዙ መልክ አለው። ነባሩ ተማሪ አዲስ ገቢውን መሳለቂያ ያደርገዋል። በመኝታ ክፍል ውስጥ አንዱ በቋንቋው፣ አንዱ በድህነቱ፣ አንዱ በአካል ጉዳቱ ይሰደባል። ልጃገረዷ በመንገድና በቤተ መጻሕፍት ደጃፍ መተላለፊያ ታጣለች። ከሁሉ የከፋው ግን ማርክ የሚሰጠው እጅ ሌላ ነገር ሲጠይቅ ነው። የሰፈር ጉልበተኛን በሌላ መንገድ ዞሮ ማለፍ ይቻላል። የትምህርቱን ውጤት የሚሞላ መምህር ግን በሌላ መንገድ ዞረው የሚያልፉት ሰው አይደለም። ተማሪዋ አልቀበልም ብትል በውጤቷ ትቀጣለች፤ ብትቀበል ክብሯን ታጣለች፤ ብትናገር ሁለቱም እንዳይደርስባት ትፈራለች።

ለመሆኑ ሕጋችን ምን ይላል? በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር ወይም የበታችነት መጠቀሚያ ማድረግን ወንጀል ብሎ ይደነግጋል። በሥልጣናቸው ተጠቅመው ይህን ሊፈጽሙ ይችላሉ ተብለው ከተጠቀሱት መካከል አሳዳሪና አሠሪ ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ጋር «አስተማሪ» የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል። ሕግ አውጪው መምህር በተማሪው ላይ ያለው ሥልጣን ምን ያህል እንደ ሆነ ዘንግቶት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይኸው አንቀጽ ቅጣቱን ቀላል እስራት አድርጎ ወስኖ፣ ክሱም የሚቀርበው በተበዳይዋ አቤቱታ መሆኑን ይገልጻል። በአንቀጽ 620 የተመለከተው አስገድዶ መድፈር የግል አቤቱታ የሚያሻው አይደለም፤ ይህኛው ግን ተበዳይዋ ራሷ ካላመለከተች አይነሣም። በአንቀጽ 213 መሠረት ደግሞ የግል አቤቱታ የሚቀርበው ተበዳይ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ነው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረደን! አንድ የትምህርት መንፈቅ አራት ወር ያህል ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቃት የደረሰባት ተማሪ «ውጤቴ እስኪወጣ ልታገሥ፤ ከእጁ ከወጣሁ በኋላ እናገራለሁ» ብላ ብትቆይ፣ ውጤቱ በወጣበት ቀን የማመልከቻው ጊዜ አልፎባታል። ትዕግሥት ያሉት ነገር መብቷን ይዞባት ሄደ ማለት ነው። ይህን ስሌት ስንቷ ተማሪ ታውቀዋለች? በመግቢያ ሳምንት የመመገቢያ ሰዓትና የቤተ መጻሕፍት ደንብ ሲነገራት ይህን የነገራት ማን ነው?

ሌላም ክፍተት አለ። ምስክር የሆነ ሰው እንዳይጎዳ ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚሠራው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ቀላል እስራት የሚያስከትለው አንቀጽ 625 በዚህ ጥላ ሥር አይገባም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳ በስሙ ተጠርቶ ተከልክሏል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚናገረው ስለ አሠሪና ስለ ሠራተኛ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ሠራተኛ አይደለችም። እንግዲህ የአገር ሕግ ያልደረሰበትን መሸፈን ያለበት የራሱ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። ዳኛ መቆም ያለበት እዚያ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ዓመት ያልሞላን በመሆናችን ስለ ግቢ ኑሮ የምንናገረው ከሩቅ ሰምተን አይደለም። በተማሪነታችን ዘመን አንዲት ጓደኛችን በደሏን በወረቀት ጽፋ ልታመለክት ብትነሣ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንዲያየው ተነገራት። ኃላፊው ከተከሰሰው መምህር ጋር በአንድ ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ጸሓፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ ሌሎች ተማሪዎች በቆሙበት ጮክ ብላ አነበበችው። የደረሰኝ ምልክት፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን አልተሰጣትም። በማግስቱ ነገሩ በግቢው ሁሉ ተወራ። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ያመለከተ ተማሪ አላየንም። ኃላፊዎቹ በመንፈቁ መጨረሻ «በዚህ ዓመት ምንም አቤቱታ አልቀረበም» ብለው ቢጽፉ ቃላቸው እውነት ይሆን ነበር። ነገር ግን አቤቱታ አለመኖሩ በደል አለመኖሩን አያስረዳም። አንዳንድ ጊዜ የሚያስረዳው ሰሚ አለመኖሩን ብቻ ነው።

ይህ ችግር የኛ አገር ብቻ አይደለም። በናይጄርያ፣ በኢሌ ኢፌ በሚገኘው የኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዲት ተማሪ የወደቀችበትን ውጤት ለማስተካከል መምህሯ ያቀረበላትን አሳፋሪ ጥያቄ በስልክ ቀድታ በማስቀረቷ፣ መምህሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ከሥራው ተባረረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ፍርድ ቤት በእስራት ቀጣው። የተማሪዋ ድፍረት የሚመሰገን ነው፤ ግን ፍትሕ ለማግኘት ተበዳይዋ ራሷ መርማሪ መሆን ነበረባትን?

በሀብትና በዕውቀት ከኛ ርቀው የሄዱትም ከዚህ አላመለጡም። በአሜሪካ በሚገኘው በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላሪ ናሳር የተባለው የስፖርተኞች ሐኪም የፈጸመው በደል በ1997 እ.ኤ.አ. ለአንዲት አሠልጣኝ ተነግሮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በ2014 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው ሌላ አቤቱታ መርምሮ ሐኪሙን ነፃ ነው አለው። በጥር ወር 2018 እ.ኤ.አ. ግን ከ150 የሚበልጡ ሴቶች በችሎት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ፤ ሐኪሙም ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት ለተበዳዮች 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የመጀመሪያዋን ልጅ መስማት ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነበር።

በአገራችንም ቢሆን እጃቸውን አጣጥፈው ያልተቀመጡ አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሎው ሙቭመንት የተባለው የወጣቶች ማኅበር፣ በግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ከተማሪዎች ጋር ፊት ለፊት መወያየትን ልማድ አድርጎ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ የሚታየው ሊኖር ይችላል። ለእኛ ግን ትልቅ ትምህርት ነው፤ ተማሪ አስቀድሞ በዓይኑ ወዳየው ሰው ይሄዳል፤ ስሙን በማያውቀው ኮሚቴ በር ላይ ግን ቆሞ ይመለሳል።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ ጽፎ መተው ተገቢ ስላልሆነ፣ በየትምህርት ቤቱ ሊደረግ የሚቻለውን በአጭሩ እናመለክታለን።

አንደኛ፣ አቤቱታ ተቀባዩ ከተከሳሹ ክፍል ውጭ የሆነ፣ ስሙና ቢሮው በየማስታወቂያ ሰሌዳው የተለጠፈ ሰው ይሁን። በየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መቀበልና ማጽናናት ብቻ ሳይሆን የማስመርመር ሥልጣን ይሰጠው። ወንድ ልጅም ሲዋረድ ወደዚያው መሄድ እንደሚችል ይነገረው።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም አመልካች ቀንና ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው፤ መልስ የሚያገኝበትም ቀን ይቆረጥለት። የመንግሥት ግብር የከፈለ ሰው ደረሰኝ ሳይቀበል አይሄድም። በደሏን ያስረከበች ልጅ ባዶ እጇን የምትመለስበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሦስተኛ፣ አቤቱታው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ የአመልካቿን ፈተና ሌላ መምህር ያርመው። ይህ አንድ እርምጃ ብቻ የፍርሃቱን ግማሽ ያነሣል ብለን እናምናለን።

አራተኛ፣ በሕግ የተወሰነው የሦስት ወር ጊዜ በመግቢያ ሳምንት ለተማሪዎች ሁሉ ይገለጽ።

ምናልባት «በሐሰት የሚከሰስ መምህርስ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ንጹሕ ሰው ስሙ ያለ ማስረጃ ሲጠፋ ማየት በደል ነው፤ ከሚያስተምሩን መምህራን የሚበዙት ልጆቻችንን እንደ ልጆቻቸው የሚያዩ ናቸው። ነገር ግን ስም የሚያጠፋው መዝገብ አይደለም፤ ሐሜት ነው። ደንበኛ የአቤቱታ በር በሌለበት ግቢ ነገር ሁሉ በሹክሹክታ ይነገራል፤ ሹክሹክታ ደግሞ መልስ አይቀበልም። በጽሑፍ የቀረበ ክስ ግን ቀኑ፣ ቦታውና ምስክሩ የሚጠየቅበት፣ ተከሳሹም መልሱን የሚሰጥበት ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የተባለው ለዚህ ነው።

የቀረው የወላጅና የጎረቤት ሥራ ነው። ልጅ «ትምህርቱን ልተወው ነው» ስትል ከቁጣ በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። አስገድዶ መድፈር ደርሶ እንደ ሆነ ደግሞ «ስማችን ይጠፋል» ብሎ ነገሩን በቤት ማፈን ጉዳትን በጉዳት ላይ መጨመር ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ በመሆኑ፣ ከሁሉ በፊት ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል። ለኮዬ ፈጬ ሰው በአቃቂ ቃሊቲ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ ለጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናና የሕግ እርዳታ በአንድነት የሚሰጥበት ክፍል አለ። የአዲሶቹ ሰፈሮች እድሮች ለሐዘን ድንኳን እንደሚተክሉ ሁሉ፣ ለእንዲህ ያለው ቀን ልጅቱን አጅቦ የሚሄድ አንዲት አስተዋይ እናትና አንድ አስተዋይ አባት አስቀድመው ቢመርጡ ምን ይከብዳቸዋል?

በጥንቱ ባህላችን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር። ቃሉ ኃይል የነበረው ጠሪው ጉልበተኛ ስለ ነበረ አይደለም፤ የሰማው ሁሉ ዳኛ ሆኖ ስለሚቆም ነው። ዛሬም በየኮሌጁ ያሉት ወጣቶች ከኃላፊዎቻቸውም ሆነ ከኛ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። አዲሱ የትምህርት ዘመን በየተራው በመጣ ቁጥር አንድ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ እናያለን። ከሕንፃው ጋር የአቤቱታ ተቀባዩ ስም በደጃፉ ተለጥፎ ብናይ፣ ትምህርት ቤቱ በእውነት ተከፈተ ለማለት እንደፍራለን።